«ምርጥ ነው» ብሎ መመስከር

እ.ኤ.አ. በሜይ 1999 የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን በአትላንታ ሲያካሂድ፣ ከየአገሩ የመጡት የካንሰር ሐኪሞች ለአንድ ጥያቄ መልስ ይጠብቁ ነበር። የጡት ካንሰር ላለባቸው ሴቶች እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ሰጥቶ፣ መድኃኒቱ ያወደመውን መቅኔ አስቀድሞ ከራሳቸው በተወሰዱ ሴሎች መተካት ዕድሜ ያራዝማል ወይስ አያራዝምም? ሕክምናው ውድ ነው፤ አደገኛም ነው። ያም ሆኖ በ1990ዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ወስደውታል። ወጪውን አንሸፍንም ያሉ የአሜሪካ የጤና መድን ድርጅቶችም ፍርድ ቤት ቆመዋል።

በዋናው መድረክ አምስት ጥናቶች ቀረቡ። አራቱ ሕክምናው ከተለመደው ይልቅ ዕድሜ እንደሚያራዝም አላሳዩም። አምስተኛውን ያቀረቡት ከጆሃንስበርጉ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሐኪም ቨርነር ቤዝዎዳ ነበሩ። በ154 ሴቶች ላይ ያካሄዱት ጥናት ግልጽ ጥቅም ማሳየቱን ተናገሩ፤ ተስፋ ያልቆረጠ ሁሉ ዓይኑን ወደ እሳቸው መለሰ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቤዝዎዳን ስልት በሰፊ ጥናት ለመድገም አሰቡና፣ ከመጀመራቸው በፊት መዝገቡን በዓይናቸው ለማየት በ2000 መጀመሪያ ጆሃንስበርግ ድረስ ተጓዙ። ከ154ቱ ሴቶች የ58ቱን መዝገብ ብቻ አገኙ። ሴቶቹ ወደው ጥናቱ ውስጥ መግባታቸውን የሚያሳይ የተፈረመ የስምምነት ሰነድ አልነበረም። ቤዝዎዳ የሳይንስን ሐቀኝነት መጣሳቸውን በደብዳቤ አመኑ፤ ከሥራቸውም ተነሱ። በ1995 ያሳተሙት ሌላ ጥናትም ኋላ፣ በ2001፣ ከመጽሔቱ መዝገብ ተሰረዘ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ አጭበርባሪነት ይነገራል። ውስጡ ግን ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። መርማሪዎቹ የሄዱት አምነው ሊቀዱት ነበር። አዳራሹን የሞላው ያ ሁሉ ሊቅ ከመድረኩ የቀረበለትን ከመስማት ያለፈ ነገር ማድረግ አልቻለም፤ ማድረግም አይችልም ነበር። እውነቱ የወጣው አንድ ሰው «ይህንን እኔ ዘንድ ልሥራው» ብሎ ሻንጣውን ሲያነሳ ነው።

ዛሬ በብዙ የካንሰር ሕክምና ቡድኖች ጉባኤ ላይ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚቀርብበት ክፍለ ጊዜ አለ። ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ የጨረር ሕክምና ባለሙያው፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ በየተራ እየወጡ በሆስፒታላቸው የሠመረላቸውን ያካፍላሉ። ጥቂት ስላይድ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ፣ ጭብጨባ፣ ሻይ። የሰማ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ የአንዲትን ታካሚ የመድኃኒት መጠን ወይም የቀጠሮ ቀን ይለውጣል። ታካሚዋ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ ሕክምናዋ የተለወጠው ሌላ አገር በተነገረ ቃል መሆኑንም አታውቅም። እንግዲያው ከመድረክ ቆሞ «ይህ ምርጥ ነው» የሚል ሰው ምን እያደረገ ነው? ምንስ ዕዳ ይገባል?

የሚቀርበው መልስ እየመሰከረ ነው የሚል ነው። ምስክርነት ደግሞ ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ረጅም ዘመን የተጨነቁበት ጉዳይ ነው። ዴቪድ ሂዩም በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ቃል የምናምነው ቃልና ነገር ሲገጥም በልምድ ስላየን ነው፤ ስለዚህ እምነታችን በማስረጃው ልክ ይሁን አለ። ወገኑ ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ በ1764 ሲጽፍ የሌላውን ቃል ማመን ከልምድ በፊት ያለ ተፈጥሯችን ነው፤ ሕፃን መጀመሪያ ያምናል፣ መጠርጠርን ቆይቶ ይማራል ሲል ተከራከረ። በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ታዳሚው በሂዩም ሕግ ሊፈርድ ይመጣል፤ ዕውቅ ስም ያለው ተናጋሪ ጥሩ ስላይድ ሲያሳየው ግን የሪድ ሕፃን ይሆናል።

ኦሪት ዘዳግም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል ይጽና ይላል። የእስልምና ሊቃውንት ደግሞ የሐዲስን ቃል ከማመናቸው በፊት ኢስናዱን፣ ማለትም ቃሉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየውን ሰንሰለት፣ አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር፤ ሰውየው የት ይኖር ነበር፣ ከነገረው ሰው ጋር በርግጥ ተገናኝቷልን፣ ትውስታው እንዴት ነው፣ ጠባዩስ? ይህ ምርመራ ለአንድ ስላይድ ቢደረግ ጥያቄዎቹ አይለወጡም። ታካሚዎቹን የቆጠረው ማን ነው? በመሀል የጠፉት ወዴት ሄዱ? አቅራቢዋ አልጋው አጠገብ ነበረች ወይስ ከሪፖርት አንብባ ነው?

አቅራቢው ፍጹም ሐቀኛ ቢሆንም ችግሩ አያበቃም። ዊልያም ሃልስቴድ ውጤታቸውን አላጭበረበሩም። የጆንስ ሆፕኪንሱ ቀዶ ሐኪም በ1894 የ50 ሴቶችን ውጤት ሲያሳትሙ ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ዕጢዎች አንድ ላይ ማውጣት ካንሰሩ በዚያው ቦታ ተመልሶ እንዳይመጣ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ በቁስሉ አካባቢ የተመለሰባቸው 6 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በዘመኑ ይህ አስደናቂ ቁጥር ነው። ቀዶ ሐኪሞች ተቀበሉት፤ ለተማሪዎቻቸው አወረሱት፤ ለሰማንያ ዓመት ያህል «ምርጡ» ይኸው ሆነ። ለንደን ውስጥ ጄፍሪ ኬንስ በ1920ዎቹ በአነስተኛ ቀዶ ሕክምናና በራዲየም ጨረር የተቀራረበ ውጤት ማግኘት ይቻላል ቢሉም የሰማቸው ጥቂት ነው። አሜሪካዊው በርናርድ ፊሸር በ1971 ሁለቱን መንገዶች በዕጣ ደልድለው ማነጻጸር ጀመሩ፤ ዓመታት ቆጥረው የደረሱበት ድምዳሜ ሰፊው ቀዶ ሕክምና ዕድሜ አይጨምርም የሚል ሆነ።

ሃልስቴድ የለኩት ካንሰሩ በቦታው መመለስ አለመመለሱን ነው። ሴቶቹ ሊያውቁ የሚፈልጉት ዕድሜያቸውን ነበር፤ ክንዳቸው አብጦ፣ ደረታቸው ጎድጉዶ መኖር ዋጋ እንዳለውም ጭምር። «ምርጥ» የሚለው ፍርድ ሁልጊዜ መለኪያ አለው፤ መለኪያውን የሚመርጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢላዋውን የያዘው ነው። ስለዚህ ምስክሩ ያየውን በታማኝነት ቢናገርም የማን ጥቅም በምን እንደተለካ ካልተናገረ ግማሹን ነው የመሰከረው።

አርስቶትል ሜታፊዚክስ በተባለው ሥራው መግቢያ ላይ ሐኪም «ሰው»ን አያክምም፤ ካሊያስን ወይም ሶቅራጥስን ነው የሚያክመው ይላል። ዕውቀት ጠቅላላ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ስም ያለው አንድ ሰው ነው። ሆስፒታልም እንደዚሁ ስም ያለው አንድ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተፈትኖ በ2009 ውጤቱ ሲታተም፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ ታየ። ከስምንቱ አንዱ የታንዛኒያው ኢፋካራ ነው፤ ቶሮንቶና ለንደንም አሉበት። አገሮች ተቀበሉት፤ አንዳንዶቹ አስገዳጅ አደረጉት። በ2014 የካናዳዋ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎቿን ስትመረምር ግን ዝርዝሩ ከገባ በኋላ በሞት መጠን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም።

ወረቀቱ ያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች ከወረቀቱ ጋር ሥልጠና፣ ክትትልና ዝርዝሩን የራሳቸው ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። መመሪያ ሆኖ ከላይ ሲወርድ ደግሞ ምልክት ማድረግ ብቻ የሚቀርበት ቦታ አይጠፋም፤ ነርሷ ቀዶ ሐኪሙን «ይቆዩ፣ ጎኑን እናረጋግጥ» ለማለት የምትደፍርበት ክፍልና የማትደፍርበት ክፍል በወረቀት ላይ አይለዩም። ስለዚህ ተሞክሮን የሚያቀርብ ሰው ከሚያሳየው ቅጽ በላይ ሊናገረው የሚገባ ነገር አለ፤ በስንት ሠራተኛ፣ ከስንት ጠብ በኋላ፣ ማን ሲቆጣ ማን እንዳበረደ። በጉባኤ ስላይድ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው ደግሞ ይኸው ክፍል ነው።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ክፉ ዜና በመንገር ላይ ነው። በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባሉ ሐኪም በቺካጎ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሲጠይቁ 90 በመቶ ያህሉ ለታካሚ ካንሰር እንዳለበት አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ምክንያታቸው ርኅራኄ ነበር፤ ተስፋ እንዳይቆርጥ። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ሲቀርብ 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ደግነት የሚባለው ነገር ተገለበጠ፤ በሁለቱም ጊዜ ሐኪሞቹ ትክክል መሆናቸውን አልተጠራጠሩም። በ2000 ባይል፣ ባክማንና ባልደረቦቻቸው ዛሬ በየሥልጠናው የሚሰጠውን ስፓይክስ የተባለ ባለ ስድስት ደረጃ የአነጋገር ስልት አሳተሙ።

ግን እውነቱ የማን ነው? በ1995 በሎስ አንጀለስ 800 አረጋውያን ተጠይቀው ነበር። ከአውሮፓውያን ዘር ከሆኑት 87 በመቶው፣ ከአፍሪካ አሜሪካውያን 88 በመቶው ታማሚው የተሠራጨ ካንሰር እንዳለበት ይነገረው ሲሉ፣ ከሜክሲኮ አሜሪካውያን 65 በመቶው፣ ከኮሪያ አሜሪካውያን 47 በመቶው ብቻ ተስማሙ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጽፈው ነበር። የአሜሪካ ሐኪም እንደ መብት ቆጥሮ ክፉውን ዜና ፊት ለፊት ለታማሚው ሲናገር፣ ኢትዮጵያዊው ቤተሰብ እንደ ጭካኔ ያየዋል፤ ዜናው አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ ተነግሮ፣ እነሱ በወጉ እንዲያደርሱት ይጠበቃል።

መርዶ የሚነገርበትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌው ይመጣሉ፤ ሰውየው በሰው መሀል እያለ ይረዳል። ማንም ያንን ውሸት አይለውም። እውነቱ ሰዓትና ደጋፊ እስኪያገኝ ነው የሚቆየው።

ከዚሁ ባህል ውስጥ ግን ተቃራኒው ክርክርም ይነሣል፤ የሚነሣውም ከሃይማኖት ወገን ነው። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሞት ሳይደርስ ንስሐ አባትን ማግኘት፣ የተጣሉትን መታረቅ፣ ሥጋ ወደሙ መቀበል አለ። ለሙስሊም ዕዳን መክፈል፣ ኑዛዜ ማድረግ፣ አውፍ መባባል አለ። ልጆቿ «ጨጓራ ነው» እያሉ ወር ሲያሳልፉ እናት የሚቀርባት የሕክምና መረጃ ብቻ አይደለም፤ እንደ እምነቷ የምትሰናዳበት ዘመን ነው። ስለዚህ «የእኛ ባህል አይነገርም ነው» የሚለው ቃል ባህሉን በግማሽ ብቻ ያየ ነው። ጸበል የሚሄድ ሰው ለምን እንደሚሄድ እያወቀ ነው የሚጠመቀው።

ስፓይክስን ያዘጋጁት ሰዎች ለዚህ በር ትተዋል። ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ታማሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ወይም ለማን እንዲነገርለት እንደሚወድ እንዲጠይቅ ስልቱ ያዝዛል። በአሥር ደቂቃ ማቅረቢያ ግን የስድስቱ ደረጃዎች ስም ብቻ ይቀራል፤ ጥያቄው ይጠፋል። ሰሚውም «ምርጡ ተሞክሮ መንገር ነው» የሚል ቁንጽል ይዞ ይሄዳል።

በ2017 በቺካጎ፣ በዚያው የኦንኮሎጂ ማኅበር ጉባኤ ላይ የቀረበ አንድ ሥራ ለዚህ የመቆንጸል አደጋ ጥሩ ማሳያ ነው። ኢታን ባሽና ባልደረቦቻቸው በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 766 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኞቹ ሕመማቸውን፣ ማቅለሽለሻቸውንና የትንፋሽ ማጠራቸውን በኮምፒውተር ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ሲብስባቸው ነርሷ ወዲያው መልእክት ይደርሳታል። ሌሎቹ እንደ ወትሮው ለሐኪማቸው በቀጠሮ ቀን ይናገራሉ። ከፊተኞቹ ግማሾቹ ጥናቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ከ31.2 ወር በላይ ኖሩ፤ ከኋለኞቹ ግማሾቹ ከ26 ወር በላይ። ከአንዳንድ ውድ መድኃኒቶች ጥቅም የማያንስ ልዩነት ነው፤ የመጣውም ታማሚው ሲናገር የሚሰማው ሰው በማግኘቱ ነው። ይሁንና ይህን ከመድረክ የሰማ ሆስፒታል ኮምፒውተሩን ብቻ ገዝቶ መልእክቱን የሚያነብ ነርስ ካልመደበ ተሞክሮውን ቀዳሁ ሊል አይችልም።

የጠለቀው ጥያቄ ስለ ፍትሕ ነው። በ2002 ሲያትል ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የጡት ጤና ጥምረት ምክሮቹን በአራት ደረጃ ከፈላቸው፤ መሠረታዊ፣ ውስን፣ የተሻሻለና ከፍተኛ። የአሜሪካው የኦንኮሎጂ ማኅበርም በ2016 ለማኅፀን በር ካንሰር ይህንኑ አካሄድ ተከተለ። ሐሳቡ ቅን ነው። በስፋት ላደገ የማኅፀን በር ካንሰር ምርጡ ጨረርና ኬሞቴራፒ አብሮ መስጠት መሆኑ ከ1999 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። በ2016 የካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ብቸኛ የጨረር መሣሪያ ሲበላሽ ዩጋንዳ በሙሉ ያለ ጨረር ቀረች። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራን ሐኪም የሌለውን ነገር ከሚሰብክ ተናጋሪ ይልቅ ባለው ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው ይጠቅመዋል።

ተቃዋሚዎች ግን አንድ ነገር ያነሣሉ። ደረጃ ሲጻፍ ዕጣ ፈንታ ይሆናል። ፖል ፋርመርና ጂም ኪም በ1990ዎቹ በሊማ ድሆች ሠፈር መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ማከም ሲጀምሩ፣ ለድሃ አገር አይሆንም፣ ዋጋው አያዋጣም የሚለው በዘመኑ ተቀባይነት የነበረው ምክር ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎች ዳኑ፤ የመድኃኒቱም ዋጋ ወረደ። በ2012 ሩዋንዳ በገጠሯ ቡታሮ የካንሰር ማዕከል ስትከፍት የጨረር መሣሪያ አልነበራትም፤ ጨረር ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ወደ ጎረቤት አገር መላክን መረጠች እንጂ ይህ የእኛ ደረጃ አይደለም ብላ አልተወችም። ሁለቱ ክርክሮች አይጣሉም። ለዛሬዋ ታካሚ ባለው ነገር ምርጡን ማድረግ ግዴታ ነው፤ «ለእናንተ ይህ ይበቃችኋል» ብሎ ከመድረክ መናገር ግን የሕክምና ምክር መስሎ የሚቀርብ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። አቅራቢው የትኛውን እየተናገረ እንደሆነ የመለየት ዕዳ አለበት።

ምስክርነት እስከምን ሊደርስ እንደሚችል የታየው በማርች 2018 በኒው ኦርሊንስ ነው። በአሜሪካ የማኅፀን ካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ላይ ፔድሮ ራሚሬዝ የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት አቀረቡ። ጥናቱ ለመጀመሪያ ደረጃ የማኅፀን በር ካንሰር በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ወይም በሮቦት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ሆድ ተከፍቶ ከሚደረገው እንደማያንስ ለማረጋገጥ የታቀደ ነበር። ሰውነት ቶሎ ያገግማል፤ ጠባሳው ትንሽ ነው፤ ቀዶ ሐኪሞቹ በስልቱ መካናቸውን አስመስክረው ነው የገቡት። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ከ631 ሴቶች መካከል ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት በአራት ዓመት ተኩል ከበሽታው ነጻ ሆነው የተገኙት 96.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ከታከሙት 86 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥናቱ ጊዜው ሳይሞላ እንዲቆም ተደረገ፤ መመሪያዎችም ተለወጡ።

በአዳራሹ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች በዚያ ስልት የሚሠሩ ነበሩ። ለሚቀጥለው ሳምንት ለተቀጠሩ ታካሚዎች ምን እንደሚሉ ማወቅ አልቸገራቸውም። የከበደው ባለፉት ዓመታት በትንንሽ ቀዳዳ ታክመው፣ ድነናል ብለው ወደ ቤታቸው ስለተመለሱት ሴቶች ነው። አንድ ወገን ይነገራቸው ይላል፤ ክትትላቸውን ያጠብቃሉ፣ ደግሞም የተደረገው በእነሱ አካል ላይ ነው። ሌላው ወገን መድኃኒት የሌለው ፍርሃት ማደል ምን ይጠቅማል፣ አብዛኞቹ እኮ አልተመለሰባቸውም ይላል። የመጀመሪያው ክርክር የ1979ኙን ሐኪሞች ይመስላል፤ ሁለተኛው የ1961ዱን። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ለምትኖር አንዲት ታካሚ፣ ይህንን ማን፣ በማን ፊት፣ በየትኛው ሰዓት ይንገራት የሚለው ደግሞ ከሁለቱም ክርክሮች ውስጥ አልተካተተም።